የማይነካውን ዕጢ ለይቶ ማወቅ፦ የቆሽት ጤናማ ዕጢዎችና የሕክምና ምስል

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ሐኪም ሳትሆኑ ጉዳዩ አሳስቧችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣

ንግግሬን በቁጥር እጀምራለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ላስታውስ። በ2016 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ሴረስ ሲስቲክ የሚባለው የቆሽት ዕጢ የተገኘባቸውን 2,622 ሰዎች መዝገብ ሰብስቦ መረመረ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በዕጢው ምክንያት ሕይወቱ ያለፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ጋር በተያያዘ የሞቱት ግን 10 ናቸው። ከታካሚዎቹ 61 በመቶ ለሚሆኑት ቀዶ ሕክምና ተደርጓል። ምክንያቱ ምን ነበር ተብሎ ሲታይ፣ በ60 በመቶዎቹ ላይ ቢላ የተነሣው ዕጢው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር ስላልተቻለ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዕጢው የወጣለት ሰው በዕጢው ሊሞት አይችልም፤ ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ፍጹም ሚዛን አይሆንም። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸውም ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱንም ዕጢው አልገደላቸውም ማለት ይቻላል። እኔ የራዲዮሎጂ፣ ማለትም የሕክምና ምስል የማነብ፣ ሐኪም ነኝ። እነዚህን ቁጥሮች ባሰብኩ ቁጥር፣ ከሞቱት አሥር ሰዎች መካከል ለስንቶቹ አንድ ጥርት ያለ ምስልና አንድ ደፋር አንባቢ በቂ ይሆንላቸው ነበር ብዬ መጠየቄ አይቀርም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሣ ነው። ካንሰርን ቶሎ ስለማግኘት ብዙ ተብሏል፤ መባልም አለበት። ካንሰር ያልሆነውን ለይቶ «ይህ አይነካ» ማለት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሕይወትም ያተርፋል።

ቆሽት ከጨጓራ ኋላ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ተጋድሞ የሚገኝ፣ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ያለው አካል ነው። ራሱ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ታቅፎ ይገኛል፤ ጅራቱ እስከ ጣፊያ ይዘልቃል። ምግብ የሚፈጩ ፈሳሾችን ወደ አንጀት ይልካል፤ ኢንሱሊንንና ሌሎች ሆርሞኖችን ደግሞ ወደ ደም ይለቃል። ሆድን በመዳበስ አይገኝም። ተራውን አልትራሳውንድ በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ያለው አየር ብዙ ጊዜ ይጋርድበታል። ቀዶ ሐኪም ሊደርስበት ሲሞክርም ጉበትንና አንጀትን የሚመግቡ ታላላቅ የደም ሥሮች አጠገብ መሥራት ግድ ይሆንበታል።

ዕጢው በቆሽት ራስ ላይ ከሆነ የሚደረገው አለን ዊፕል በ1935 ያስተዋወቁት ቀዶ ሕክምና ነው። በዚህ ጊዜ የቆሽቱ ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦ አንድ ክፍል አብረው ይወጣሉ፤ ከዚያም የቀረው ሁሉ እንደገና ከአንጀት ጋር ይሰፋል። የቆሽት ፈሳሽ ምግብ ሊፈጭ የተሠራ በመሆኑ ከስፌቱ ካፈተለከ የሰውየውን ሥጋ መፍጨት ይጀምራል። ብዙ የቆሽት ክፍል የተወሰደበት ሰው ደግሞ ለስኳር በሽታ ሊጋለጥ ይችላል። ልምድ ባላቸው ማዕከላት ውስጥ እንኳ ይህ ቀዶ ሕክምና ቀላል ሆኖ አያውቅም። ካንሰር ላለበት ሰው ይህ ሁሉ አደጋ የሚገባ ዋጋ ነው። ምንም ሊያደርገው በማይችል ዕጢ ምክንያት አንድን ሰው በዚህ ውስጥ ማሳለፍን ግን በቀላሉ ልቀበለው አልችልም።

ጉዳዩ ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። ሰዎች ለኩላሊት ጠጠር፣ ለወገብ ሕመም ወይም ለአደጋ ምርመራ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ይነሣሉ፤ ማንም ያልፈለገው ነገር ቆሽታቸው ላይ ይታያል። በ2010 የታተመ ጥናት ለጤና ምርመራ ኤምአርአይ ከተነሡ 2,803 ሰዎች መካከል በ2.4 በመቶዎቹ ቆሽት ላይ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት እንዳለ አሳይቷል። ከዚያ በ2018 የወጣው የሰሜን ምሥራቅ ጀርመን ጥናት፣ ለቆሽት ቱቦዎች ተብሎ በተዘጋጀ የኤምአርአይ ዘዴ ሲመለከት ቁጥሩን ወደ 49 በመቶ አደረሰው። ከሁለት ሰው አንዱ ማለት ነው! የሰው ቆሽት በስምንት ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የማየት ዐቅማችን ነው። ከእነዚህ ከረጢቶች አብዛኞቹ በጣም ትንንሽና ጉዳት የሌላቸው ናቸው። ዛሬ ላነሣቸው የመጣሁት ብርቅዬ ዕጢዎችም በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ተደብቀው ነው የሚገኙት።

ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ልበል። ሲቲ ስካንን የፈለሰፉት ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ታካሚ ለንደን ውስጥ በ1971 ተነሣ፤ እሳቸውና አለን ኮርማክም በ1979 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ የሚለካው በእሳቸው ስም በተሰየመው መለኪያ ነው፦ ውሃ ዜሮ፣ ስብ ከዜሮ በታች 100 አካባቢ፣ አየር ከዜሮ በታች 1,000። ይህን ቁጥር የጠቀስኩት ያለምክንያት አይደለም። ቆሽት ውስጥ ያለ አንድ እብጠት ሲለካ ከዜሮ በታች 100 ገደማ ከመጣ፣ ውስጡም ወጥ ሆኖ ሌላ ጠጣር ነገር ከሌለው፣ ሊፖማ የሚባል የስብ ዕጢ ነው። ናሙና መውሰድም ሆነ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ በትክክል መለካት ምርመራውን ይዘጋዋል።

ለቆሽት ግን ሲቲ መነሣቱ ብቻውን አይበቃም፤ መቼ እንደተነሣ ወሳኝ ነው። ኮንትራስት የምንለው መድኃኒት በክንድ ደም ሥር ገብቶ ከ35 እስከ 45 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ጤናማው የቆሽት ሥጋ በጣም ይደምቃል። በዚያች ቅጽበት ደም የማይበዛበት ካንሰር ጨለማ ሆኖ ይታያል፤ ደም የሚበዛበት ዕጢ ደግሞ ከዙሪያው ይልቅ ይፈካል። 70 ሰከንድ አካባቢ ሲደርስ ሁሉም ነገር እየተቀራረበ ይሄዳል፤ ልዩነቱም ይደበዝዛል። ተራ የሆድ ሲቲ የሚነሣው በዚህ በሁለተኛው ጊዜ ነው። ስለዚህ «ሲቲ ተነሥቼ ምንም አልተገኘም» የሚል ታካሚ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ውጤቱ አይደለም፤ ምስሉ በየትኛው ሰከንድ፣ በምን ያህል ውፍረት ባላቸው ቁርጥራጮች እንደተነሣ ነው የምጠይቀው። አንድ ሴንቲሜትር የሆነ ዕጢ በወፍራም ቁርጥራጭ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል።

ኤምአርአይ ሌላ ስጦታ አለው፦ ውሃን ያለ ኮንትራስት ያደምቃል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በቆሽትና በሐሞት ቱቦዎች ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ብቻ ነጥሎ የሚያሳይ ዘዴ አለን፤ ይህም አንድ ከረጢት ከዋናው የቆሽት ቱቦ ጋር መገናኘት አለመገናኘቱን ያሳየናል። ሦስተኛው መሣሪያ ከ1980 ጀምሮ የታወቀው የኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ ነው። የአልትራሳውንዱ ጫፍ በአፍ ገብቶ ጨጓራ ውስጥ ሲደርስ በእሱና በቆሽቱ መካከል የሚቀረው የጨጓራ ግድግዳ ብቻ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ ነገር በሌላ መሣሪያ ጠፍቶ በዚህ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዕጢዎቹ። መጀመሪያ ያነሣሁት ሴረስ ሲስትአዴኖማ የሚገባውን ጊዜ እንዲያገኝ እፈልጋለሁ። እስከ 1978 ድረስ ፈሳሽ የያዙ የቆሽት ዕጢዎች በአብዛኛው በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። በዚያ ዓመት ኮምፓኞና ኦርተል የተባሉ የፓቶሎጂ ሐኪሞች ሁለት ጽሑፎች አወጡ። በአንዱ ሴረስ የሚባሉትን፣ ቀጭን ውሃ መሰል ፈሳሽ የያዙትን፣ በሌላው ዝልግልግ ፈሳሽ የያዙትን ለዩ። የመጀመሪያዎቹ ጤናማ ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ ካንሰር የመሆን ዐቅም አላቸው አሉ። በእኔ አስተያየት በዚህ ዘርፍ ከተደረጉት መለየቶች ሁሉ ይህን ያህል ሰው የጠቀመ የለም፤ እስከ ዛሬ የምንሠራው በዚያ መስመር ላይ ነው።

ሴረስ ሲስትአዴኖማ በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ነው። ዓይነተኛው መልኩ ሲቆረጥ የማር እንጀራ ይመስላል፦ ብዙ፣ ጥቃቅን፣ በስስ ግድግዳ የተለያዩ ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው ከ2 ሴንቲሜትር ያነሱ። የውጭ ዙሪያው ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። በመካከሉ አንዳንዴ ጠባሳ ይኖራል፤ ከጠባሳውም ግድግዳዎቹ ወደ ዳር ይፈነጠቃሉ፤ ጠባሳው ላይ የካልሲየም ክምችት ሊታይ ይችላል። ይህ የመካከል ጠባሳ በሁሉም ላይ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን አንባቢውን ከጥርጣሬ ያሳርፈዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ዕጢው ዓይነተኛውን መልኩን ትቶ ሲመጣ ነው። ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ክፍሎቹ ከመጠን በላይ ጥቃቅን ሲሆኑና ግድግዳዎቻቸው በደም ሥር የተሞሉ ሲሆኑ፣ ሲቲ ላይ ጠጣር ዕጢ መስሎ ይደምቃል። ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ ነው ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ይላካል። እዚህ ላይ ኤምአርአይ ያድናል፤ ጠጣር የመሰለው ነገር በውሃ ምስሉ ላይ እንደ ውሃ ቦግ ብሎ ይታያል፤ ጠጣር ዕጢ ግን እንዲህ አይበራም። ሁለተኛው ወጥመድ ተቃራኒው ነው፦ ክፍሎቹ ጥቂትና ትልልቅ ይሆኑና ዝልግልግ ፈሳሽ ከያዘው አደገኛ ዘመዱ ጋር ይመሳሰላሉ። በዚህ ጊዜ ምስል ብቻውን አይበቃም፤ ወደ መርፌው እመለሳለሁ።

ዝልግልግ ፈሳሽ የያዙት ራሳቸው ሁለት ቤተሰብ ናቸው። ሙሲነስ ሲስቲክ የሚባለው ከ100 ታካሚዎች ከ95 በላይ በሆኑት ሴቶችን የሚይዝ፣ በአብዛኛው በቆሽት አካልና ጅራት ላይ የሚወጣ፣ ከቱቦው ጋር የማይገናኝ፣ ወፈር ባለ ግድግዳ የተከበበ አንድ ትልቅ ከረጢት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግድግዳው ከእንቁላል ማኅደር ሥጋ ጋር የሚመሳሰል ሽፋን አለው። የካልሲየም ክምችት ቢኖረው ዳር ላይ ነው፤ ከሴረሱ የመካከል ጠባሳ ጋር ያለው ልዩነት ለአንባቢ ዓይን ትልቅ ምልክት ነው። ሌላው ከቱቦው ውስጥ የሚበቅለውና ከቱቦው ጋር የሚገናኘው፣ ኦሃሺና ባልደረቦቻቸው በ1982 ጃፓን ውስጥ የገለጹት ዓይነት ነው። እነዚህን ጤናማ ብዬ አልጠራቸውም፤ ካንሰር ከመሆናቸው በፊት የሚገኙ መንገደኞች ናቸው። ለእነሱ የተበጁት መመዘኛዎች በየጊዜው ተሻሽለዋል፦ ዋናው ቱቦ 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ መስፋቱ፣ ከረጢቱ ውስጥ ኮንትራስት የሚቀበል 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጉብታ መታየቱ፣ ከቆሽት ራስ ዕጢ ጋር የዓይን ቢጫ መሆን መምጣቱ ቀዶ ሕክምናን የሚጠሩ ምልክቶች ናቸው። 3 ሴንቲሜትር የደረሰ ከረጢት፣ ወይም ከ5 እስከ 9 ሚሊሜትር የሰፋ ቱቦ ጠጋ ብሎ መመርመርን ይጠይቃል። የትናንሽ ጉብታዎች ምስል ግን ሊያታልል ይችላል፤ የረጋ ዝልግልግ ፈሳሽ ራሱ ጉብታ ይመስላል። ልዩነታቸው ደም የሚደርሰው ለእውነተኛው ጉብታ ብቻ መሆኑ ነው።

በወጣት ሴቶች ላይ ስለሚወጣው ዕጢ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ቨርጂኒያ ፍራንትዝ በ1959 የገለጹት፣ ዛሬ ሶሊድ ሱዶፓፒላሪ የሚባለው ዕጢ በብዛት የሚገኘው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ትልቅ ሆኖ፣ በደንብ በተለየ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ ከፊሉ ጠጣር ከፊሉ ፈሳሽ ሆኖ ይታያል። ውስጡ ደም ስለሚፈስስ፣ ኤምአርአይ ላይ ውሃ በማይደምቅበት ምስል እንኳ የሚያበራ ክፍል ይገኝበታል፤ ይህ የአሮጌ ደም ምልክት ነው። ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ከጤናማዎቹ ጎራ ይቆጠር ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የ2019 ምደባ ግን አነስተኛ ጠበኝነት ካላቸው ካንሰሮች መድቦታል። ይህን ዕጢ «ጤናማ ነው፣ እንተወው» ማለት ስሕተት ነው። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ከታካሚዎቹ እጅግ አብዛኞቹ ይድናሉ። ለወጣቷ ታካሚና ለቤተሰቧም ከመጀመሪያው ቀን ይህ ተስፋ መነገር አለበት፤ «የቆሽት ዕጢ» የሚለውን ብቻ ሰምተው ሌሊቱን እንዲያድሩ መተው ጭካኔ ነው።

ኢንሱሊኖማ ከሁሉም የተለየ ታሪክ አለው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ብወስድ ታገሡኝ። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች አራት ገደማ ብቻ የሚይዝ ብርቅዬ ዕጢ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ጤናማ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከ2 ሴንቲሜትር ያነሱ። ነገር ግን ጤናማ መሆኑ አያረጋጋም፤ ያለማቋረጥ ኢንሱሊን በመርጨት የሰውን ደም ስኳር እስከ መውደቅ ያደርሰዋል። ታካሚው ጠዋት ከቁርስ በፊት ይወዛገባል፣ ያልበዋል፣ ነገሮች ሁለት ሆነው ይታዩታል፣ ራሱን ይስታል። ብዙዎቹ ለዓመታት የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም አለባቸው ተብለው ይታከማሉ። ዊፕል ሦስቱን ምልክቶች አስቀምጠውልናል፦ የስኳር ማነስ ስሜት፣ በዚያው ሰዓት በደም ምርመራ የተረጋገጠ ዝቅተኛ ስኳር፣ ስኳር ሲሰጥ የስሜቱ መወገድ።

ቅደም ተከተሉን እባካችሁ አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ኢንሱሊኖማን የሚያረጋግጠው ምስል አይደለም፤ ደም ነው። በሐኪም ክትትል ሥር እስከ 72 ሰዓት በሚደረግ ጾም፣ ስኳሩ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ55 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ኢንሱሊንና ቆሽት ኢንሱሊን ሲሠራ አብሮ የሚያወጣው ሲ-ፔፕታይድ ሊወርዱ ሲገባቸው ሳይወርዱ ከተገኙ ምርመራው ተሟልቷል። ሲ-ፔፕታይድ መለካቱ፣ ኢንሱሊን በመርፌ ከውጭ የገባበትን ሰው ለመለየትም ይረዳል። ምስል የሚመጣው ከዚህ በኋላ «የት ነው ያለው?» ለሚለው ጥያቄ ነው። ደሙ ሳይረጋገጥ ምስል ማሳደድ ቆሽት ላይ ምንም ያልሆነ ነገር አግኝቶ እሱን ወደ መክሰስ ይመራል።

ደሙ ተረጋግጦ ምስል ባዶ ሲሆንስ? ኮንትራስቱ ገና በደም ቅዳ ሥሮች ውስጥ ባለበት ወቅት የተነሣ ቀጭን ቁርጥራጭ ያለው ሲቲ ትንሿን ብሩህ ነጥብ ካላሳየ ኤምአርአይ፣ ከዚያ የኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ ይከተላል። ለሌሎች የቆሽት ሆርሞን ዕጢዎች የምንመካበት፣ ሶማቶስታቲን የተባለው ሆርሞን በሕዋሳት ላይ ያሉትን ተቀባዮች በጨረር አመንጪ ምልክት የሚፈልገው የፔት ስካን በኢንሱሊኖማ ላይ አንዳንዴ ይስታል፤ ዕጢው የሚፈለጉትን ተቀባዮች በብዛት ላይይዝ ይችላልና። በቆሽት ራስ የታችኛው ክፍል ላይም ይኸው ስካን ዕጢ ሳይኖር ሊያበራ እንደሚችል መርሳት የለብንም። ጤናማ ኢንሱሊኖማዎች ጂኤልፒ-1 የተባለውን የአንጀት ሆርሞን ተቀባይ በብዛት ስለሚይዙ፣ እሱን የሚያነጣጥር የፔት ስካን በየቦታው ባይደርስም ሌሎች ያጡትን ዕጢ አግኝቷል። የዘር ውርስ ያለበት የብዙ ዕጢዎች በሽታ ሲጠረጠር ዕጢው አንድ ላይሆን ስለሚችል አንዱ ተገኘ ብሎ መቆም አይገባም።

የዚህ ዕጢ ታሪክ ራሱ ያስደንቃል። በ1927 ራስል ዋይልደርና ባልደረቦቻቸው ማዮ ክሊኒክ ውስጥ የስኳር መውደቅ ያሠቃየው አንድ ሐኪም ታካሚ ሆኖ መጥቶ፣ በቆሽቱ ላይ ቀድሞ የተሠራጨ ኢንሱሊን አመንጪ ዕጢ ማግኘታቸውን ገለጹ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኢንሱሊን በ1921 በተገኘባት በቶሮንቶ ከተማ፣ ሮስኮ ግሬሃም የተባሉ ቀዶ ሐኪም እንዲህ ያለ ዕጢ አውጥተው ታካሚያቸውን አዳኑ። ያኔ የነበራቸው መሣሪያ እጃቸው ብቻ ነበር። ዛሬም ቀዶ ሐኪሞች ቆሽቱን በጣታቸው እየዳበሱ፣ የአልትራሳውንድ ጫፍን በላዩ እያሳረፉ ያጣሩታል፤ እኔም ከምስሌ በላይ የሚሠራ እጅ መኖሩን በአክብሮት እቀበላለሁ።

ዕጢ ያልሆኑ፣ ግን ዕጢ መስለው የሚቀርቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ተጨማሪ ጣፊያ ከእነዚህ ግንባር ቀደሙ ነው። ከ10 ሰዎች በአንዱ ገደማ ከዋናው ጣፊያ የተለየ ትንሽ የጣፊያ ቁራጭ ይገኛል፤ አንዳንዴም በቆሽት ጅራት ውስጥ ተቀብሮ። ደም ስለሚበዛበት ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ይመስላል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው፦ በእያንዳንዱ የምስል ዓይነት፣ በእያንዳንዱ ሰከንድ ከጎኑ ካለው ጣፊያ ጋር ማነፃፀር። በሁሉም ላይ እንደ ጣፊያው ከደመቀ፣ እንደ ጣፊያው ከደበዘዘ ጣፊያ ነው። ጥርጣሬ ከቀረ፣ በሙቀት የተዳከሙ ቀይ የደም ሕዋሳት ቴክኒሺየም በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ምልክት ተደርጎባቸው በመርፌ ወደ ታካሚው ደም ይገባሉ፤ ጣፊያ እነሱን ስለሚሰበስብ ቦታው ይበራል። እንዲህ ሊረጋገጥ ለሚችል ነገር የቆሽት ጅራት መቁረጥ ያሳዝናል። የቆሽቱ አንድ ክፍል በስብ ሲሞላም ዕጢ ይመስላል፤ የደም ሥሮች ሳይገፉ በውስጡ ሲያልፉና በኤምአርአይ የስብ ምልክት ሲታይ ጉዳዩ ያበቃል። ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ4 ከተባለው የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን ጋር የተያያዘው የቆሽት ብግነት ደግሞ ካንሰር መስሎ ይቀርብና በስቴሮይድ ይሟሽሻል፤ የደም ምርመራውና የሌሎች አካላት ምስል መታየት ያለበት ከቀዶ ሕክምና በፊት ነው።

በተቃራኒው ጤናማ የሚመስል ግን ያልሆነም አለ። የኩላሊት ካንሰር ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቆሽት ሲሠራጭ፣ ክብ፣ የደመቀ፣ ዳሩ የጠራ ሆኖ፣ ልክ እንደ ሆርሞን ዕጢ ይታያል። ኩላሊቱ ወጥቶ ዓመታት አልፈው፣ ታካሚውም የዳነ መስሎት ላይጠቅሰው ይችላል። ለዚህ ነው የምስል መጠየቂያ ቅጹ ላይ «የሆድ ሕመም» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ የምበሳጨው። የታካሚው ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቀደመ ቀዶ ሕክምና፣ የቆሽት ብግነት ኖሮት እንደሆነ፣ በቤተሰቡ የታወቀ የዘር በሽታ እንዳለ፤ እነዚህ ሁሉ የምስሉ ግማሽ አካል ናቸው። የቆሽት ብግነት ያለፈበት ሰው ላይ የታየ ከረጢት ከዕጢ ይልቅ የብግነቱ ትራፊ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ያ ታሪክ ካልተጻፈልኝ ግን ምስሉ ራሱ አይነግረኝም።

ወደ መርፌው ልመለስ ብዬ ነበር። ምስል ሴረሱን ከሙሲነሱ መለየት ሲያቅተው፣ በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ እየታየ ከጨጓራ በኩል ቀጭን መርፌ ገብቶ ፈሳሽ ይቀዳል። በፈሳሹ ውስጥ ሲኢኤ የተባለው ፕሮቲን በአንድ ሚሊሊትር ከ192 ናኖግራም በላይ ከሆነ ዝልግልጉን ቤተሰብ ያመለክታል፤ መለኪያው በ2004 ከወጣ ጥናት የመጣ ነው። ቀላሉና ርካሹ ምርመራ ግን ስኳር ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር በአንድ ዴሲሊትር ከ50 ሚሊግራም በታች ሲሆን ሙሲነስ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ሴረስ የመሆን ዝንባሌ አለው። በደም ስኳር መለኪያ ሊታወቅ የሚችል ነገር ይህን ያህል ውሳኔ ማቅለሉ ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል። ሆኖም መርፌም የራሱ አደጋ አለው፤ ጥቂት ሰዎች ላይ የቆሽት ብግነት፣ ደም መፍሰስ ወይም ኢንፌክሽን ያስከትላል። የማር እንጀራ መልክ ያለው ዕጢ በግልጽ ከታየ መርፌ አያስፈልግም። የምርመራ ውጤት ውሳኔን የማይለውጥ ከሆነ አለመመርመርን መርጠን ታካሚውን ከሥቃይ ማዳን አለብን።

የመጨረሻው ነገር የሪፖርቱ ጽሑፍ ነው። «በቆሽት ጅራት ላይ 3 ሴንቲሜትር ከረጢት ታይቷል፤ ካንሰርን ማስወገድ አይቻልም» የሚል ሪፖርት ጸሐፊውን ከተጠያቂነት ያድን ይሆናል፤ ታካሚውን ግን ለቢላ ያዘጋጃል። ሪፖርቱ የክፍሎቹን ብዛትና መጠን፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ የካልሲየሙን ቦታ፣ ከቱቦው ጋር ያለውን ግንኙነት፣ የዋናውን ቱቦ ስፋት፣ ጉብታ መኖር አለመኖሩን መናገር አለበት። ከዚያም ዕጢው ምን ይመስላል ብሎ ስም መጥራት፣ እርግጠኝነቱ ምን ያህል እንደሆነም መጻፍ አለበት። እናንተም ምስል የተነሣችሁ ሁሉ ዲስኩን ጠብቃችሁ አኑሩት። ከአምስት ዓመት በፊት በሌላ ምክንያት የተነሣ ሲቲ ላይ ያው ከረጢት በዚያው መጠን ተቀምጦ ከተገኘ፣ ማንም አዲስ መሣሪያ ሊሰጠኝ የማይችለውን መረጃ ሰጣችሁኝ ማለት ነው።

ክትትልም ማብቂያ አለው። በ2018 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ፣ ምልክት የሌለው ሴረስ ሲስትአዴኖማ ለአንድ ዓመት እንዲታይና ከዚያ በኋላ ሕመም ካልመጣ ምስል እንዳያስፈልግ ይመክራል። መጠኑ ጥቂት ሚሊሜትር ማደጉ ብቻውን ቀዶ ሕክምና አይጠራም፤ በመጀመሪያ በጠቀስኩት ጥናት ከአንድ ዓመት በላይ ከታዩት 37 በመቶዎቹ በዓመት 4 ሚሊሜትር ገደማ አድገዋል፤ 57 በመቶዎቹ አልተለወጡም፤ 6 በመቶዎቹ እንዲያውም ቀንሰዋል። ስለዚህ ምርመራው እርግጠኛ በሆነበት ሪፖርት መጨረሻ ላይ «ከአንድ ዓመት ክትትል በኋላ፣ ሕመም ከሌለ፣ ተጨማሪ ምስል አያስፈልግም» የሚለውን መስመር በግልጽ እንድንጽፍ ባልደረቦቼን እጠይቃለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።